በቶሮንቶ ለእትዬ ዘነበች ተነሥተን ቤተ ክርስቲያን እንደ ሸጥን

ሐዋሳ በሐሙስ ጸሎት ላይ ለምትገናኙ እህቶቼ፤ ከቶሮንቶ በደኅና ተመልሻለሁ። በስልክ «ምን አየሽ?» ብላችሁኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩት። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ፤ ያጠፋሁትንም አልደብቅም። ለሌሎቹ ጮክ ብላችሁ ስታነቡ እሑድ ላይ ስትደርሱ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን እዚያው ሳለሁ አልሳቅሁም። የሳቅሁት ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው።

እንደምታውቁት የምኖረው ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን ነው፤ ስንዴና ሰማይ ብቻ ያለበት አገር። በትንሿ ከተማችን ያለነው ሐበሾች አራት ቤት ነን። ከአራቱ በአንዱ እትዬ ዘነበች ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብቻቸውን እየዋሉ አስቸገረ፤ ስለዚህ ቶሮንቶ ያለችው ልጃቸው እቴነሽ ልትቀበላቸው ሆነ። ማን ያድርሳቸው? «ምሕረት ታድርሳቸው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ ደግሞ ጠንቃቃ ናት» ተባለ። ጠንቃቃ የተባልኩበት ጉዞ እንግዲህ ይህ ነው።

አርብ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሬጂና አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣን። ከሐዋሳ ሻሸመኔ ስትሄዱ ባጃጁ፣ በሬው፣ ሠርገኛው ያጫውታችኋል። በእኛ መንገድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄዳችሁ የምታዩት አንድ የእህል ጎተራ ነው። እሱንም ከሩቅ ስለምታዩት ስትደርሱበት ሰልችቷችኋል።

መድኃኒቱን፣ ወረቀቱን፣ ትርፍ መነጽሩን በደብተሬ ጽፌ አንድ በአንድ ምልክት አድርጌ ነበር። በእትዬ ዘነበች የእጅ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ኪሎ ቡላ መኖሩን ግን ማንም አልነገረኝም። ፈታሹ ነጩን ዱቄት በላስቲክ ተቋጥሮ ሲያገኘው ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለአራስ ነው በይው» አሉኝ እትዬ።

ተረጎምኩ። «ማን ናት የወለደችው?» አለ ሰውዬው።

እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡ። «ለጊዜው ማንም። ግን ቶሮንቶ ትልቅ ከተማ ነው ይላሉ፤ አራስ አይጠፋም።»

ዱቄቱን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን ማሽን ውስጥ ከተቱ፤ እኔም በልቤ ዘጠና አንደኛውን መዝሙር ጀመርኩ። ማሽኑ ምንም አላለም። አንዲት ፈታሽ መጥታ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። በቅቤ እንደሚገነፋ ብነግራት በስልኳ ላይ ጻፈችው።

አውሮፕላኑ ውስጥ እትዬ ዘነበች ከፊት ወንበር ጀምሮ በየረድፉ እየቆሙ «እንደምን አደራችሁ» ይሉ ጀመር። መልስ ካላገኙ አያልፉም። ከኋላችን ሰው ተደረደረ። እኔ በየረድፉ ይቅርታ እየጠየቅሁ ተከተልኳቸው። አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ስንደርስ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎልማሳ ብድግ አለና «ኖር እማማ!» አላቸው፤ ጭንቅላቱን ከላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ጋር አጋጨ።

«በእግዜር፣ ልጄ፣ በእግዜር!» አሉና ቦታቸው ሄደው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። «ሰው አለበት አውሮፕላኑ» አሉኝ።

ቶሮንቶ እቴነሽና ልጇ ሜሮን ጠበቁን። ሜሮን እዚያው የተወለደች፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ቶሎ ድክም ይላታል። በእኛ ከተማ አንድ የትራፊክ መብራት አለ፤ እዚህ መንገዱ ራሱ አሥራ ስድስት ረድፍ ነው፣ ሁሉም ቆሟል። ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር አፓርታማቸው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሁለቱ ሊፍት አንዱ ተበላሽቶ ስለነበር በአንደኛው ከአንድ ሶፋ ጋር ወጣን።

እቴነሽ እራት አቅርባ እሷ ግን አልበላችም። «ምነው?» ብላት ነገሩን ነገረችኝ።

«ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ቮት አለበት። ይሸጥ አይሸጥ ተብሎ።»

እነሱ የሚያመልኩት በጥንት የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እንደኛው ሉተራን ናቸው። ጀርመኖቹ አርጅተው እያነሱ ሲሄዱ ከሁለት ዓመት በፊት «እናንተ ተከራይ አይደላችሁም፣ አባል ሁኑ» ብለው ስማቸውን በአንድ መዝገብ ጻፉ። አሁን ግን አንዳንዶቹ ሕንጻው ከበደን ይላሉ።

«አራት ጊዜ ሙቭ አድርገናል» አለች እቴነሽ። «መጀመሪያ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ፣ ከቅርጫት ኳሱ ሥር። ቀጥሎ ቤዝመንት፤ በግድግዳው ማዶ ዙምባ ይጨፈራል፣ እኛ እንጸልያለን። ከዚያ ብሉር ጎዳና የሱቅ ጓሮ። እዚህ ስድስት ዓመታችን ነው። ባሌን የሸኘሁት ከዚያ በር ነው፣ ምሕረት። አምስተኛ ጊዜ ስፒከር ተሸክሜ ቤት ፍለጋ አልዞርም። አልችልም።»

ይህን ስትል እትዬ ዘነበች ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ስለዚህ ነገሩን አልሰሙም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ

በሁለት አውቶቡስና በአንድ ባቡር ቤተ ክርስቲያኑን ልናጸዳ ሄድን። እትዬም «ቤት እዘጋለሁ እንዴ?» ብለው ተከተሉን።

ከብሉር ገባ ባለች ጸጥ ያለች መንገድ ላይ ነው። እኔ ባንክ መስሎኝ አለፍኩት። ፊቱ ላይ አራት ወፋፍራም ነጫጭ ዓምዶች አሉት፤ በላያቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋይ ተጭኗል፤ ለፍርድ የሚገባበት ቤት ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን ነጭና ብሩህ ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕል የለም። አግዳሚ ወንበሮቹ ጥቋቁር፣ በየጫፋቸው ትንንሽ መዝጊያ ያላቸው ናቸው። እኛ ሐዋሳ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰባኪው ያቆም የለ? እዚህ የሚያስቆመው የማሞቂያው ቧንቧ ነው። በድንገት ቋ! ቋ! ቋ! ይላል፤ ከወለሉ ሥር ሰው የታሰረ ይመስላችኋል።

በሩ ላይ የገዢዎቹ የሕንጻ ሥዕል ተለጥፏል። አራቱን ዓምዶች አይነኩም። ከዓምዶቹ በስተኋላ ያለውን ሁሉ አፍርሰው ደመና የሚነካ የመስታወት ፎቅ ሊሠሩ ነው። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን ቀይረው ሥዕሉን አዩትና ስለ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣

«ሰውዬውን ቀብረው ጫማውን በር ላይ ሊያስቀምጡ ነው?» አሉ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቶ የሚባሉ፣ የቢራቢሮ ክራባት ያሰሩ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው። የእኛ ሰዎች «ጋሼ ኦቶ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ማዕረግ መስሏቸው ደስ ይላቸዋል። ክርስትና የተነሡት እዚሁ ነው፤ ሽያጩንም አጥብቀው ይቃወማሉ። ከኪሳቸው አባታቸው የጻፉት ጥቁር የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ መጽሐፍ አይለይም። የድምፅ አሰጣጡን እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፤

«ድሮ እጅ እናወጣ ነበር። ትከሻው የማይነሣ ሰው በዛና ቆሞ መስጠት ሆነ። አሁን ደግሞ ጉልበቱ የማይነሣ በዛ። እነሱ ከዘራ ያነሣሉ።»

ምድር ቤት ስንወርድ ካፖርትና ጓንት ያደረጉ አንዲት አሮጊት ከማሞቂያው ማሽን ጋር ሲታገሉ አገኘን። ሄልጋ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በጠዋቱ፣ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ማሽኑን የሚያስነሡት እሳቸው ናቸው። አመሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ጓንታቸውና እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ዝገት ነበር።

«ፊት ለፊት ልንገራችሁ» አሉን ሻይ እየቀዱልን። «ከኋላ ማውራት አልወድም። ነገ እንዲሸጥ ነው የምቆመው። በየዓመቱ አቀርባለሁ፣ በየዓመቱ እሸነፋለሁ። ይህ ማሽን እኔን ሳይቀብር አይሞትም።»

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ሃይ ትላለች» አለች ሜሮን።

«ይህን ሁሉ አውርታ?»

እህቶቼ፣ እኚህ ሴት ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ የእትዬን ስስ ጫማ አዩ። ከቦርሳቸው ራሳቸው የሠሩት ወፍራም ግራጫ የሱፍ ካልሲ አወጡ፤ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው በእጃቸው አጠለቁላቸው። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁ። ሜሮን «ታመሰግናለች» ብላ ተረጎመችው። እኔ በዚያ ሰዓት ሄልጋን ልጠላ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

እሑድ

አምልኮው በሁለት ቋንቋ ሆነ። ቧንቧው ሁለት ጊዜ ብቻ ቋ አለ። ከዚያ ስብሰባው ተጀመረ። የእኛ አባላት አርባ አንድ፣ ጀርመኖቹ አሥራ ዘጠኝ። እኔና እትዬ እንግዶች ነን፤ ጫፍ ላይ ተቀመጥን።

ስብሰባው ሲጀመር እትዬ ዘነበች መጸዳጃ ቤት ፈለጉ። አሥራ ስምንት ደረጃ ይዣቸው ወረድኩ። ከላይ የጋሼ ኦቶ መዶሻ ሲመታ ተሰማ።

«ሂጂ፣ ሂጂ፣ አይቅርብሽ» አሉኝ።

«ብቻዎትን እንዳይወጡ። መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

«እሺ።»

መጦሪያ ቤት ስሠራ የሽማግሌ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ተምሬ ነበር። ግን እቴነሽ ስትናገር ለመስማት ጓጓሁና ትቻቸው ወጣሁ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ጻፍኩት።

ሄልጋ አጭር ንግግር አደረጉ። እቴነሽ ስለ ባሏና ስለ አራቱ ቤቶች ተናገረች፤ ከጀርመኖቹም መሐረብ ያወጡ ነበሩ። አሸናፊነታችን የታወቀ ነበር። ጋሼ ኦቶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሽያጩን የምትደግፉ እባካችሁ ቁሙ» አሉ።

ሄልጋ ቆሙ። ሰባት ጀርመኖች ተከተሏቸው፣ ሁለቱ በከዘራ። በዚህ ጊዜ በመድረኩ በኩል ያለው የጎን በር ሲጥ አለ። እትዬ ዘነበች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ግራጫ ካልሲያቸውን አድርገው ገቡ።

«ኖር!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ኖር እማማ! ኖር!» አርባ አንዱም ተነሡ። እኔስ? ጉልበቴ መቼ ጠየቀኝ።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!»

እሳቸው ሳይቀመጡ ማን ይቀመጣል? «እዚህ ይምጡ!» ይላል አንዱ። «ኧረ እዚህ፣ ማሞቂያው አጠገብ!» ትላለች ሌላዋ። እሳቸው «የለም፣ በእኔ ምክንያት ሰው አይነሣም» እያሉ ከአግዳሚ አግዳሚ ይዞራሉ። ይህ ሲሆን ሁለት ጀርመን ድምፅ ቆጣሪዎች እርሳስ ይዘው በግራና በቀኝ ያልፋሉ። አንደኛው በእርሳሱ ወደ እኔ አመለከተ። ሰላምታ መስሎኝ እጅ ነሣሁት።

መዶሻው መታ። ጋሼ ኦቶ ወረቀቱን አዩ፣ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። «ሃምሳ አንድ» አሉ። «የምትቃወሙ ቁሙ።»

የእኛ አርባ አንድ አሁንም ግር ብለው ተነሡ።

«አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው» አሉ ጋሼ ኦቶ። «የመጀመሪያው ይያዛል። ሽያጩ ጸድቋል።»

እኔ ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። ብድግ ብዬ እኔና እትዬ አባል እንዳልሆንን፣ ግን እንደ ተቆጠርን ተናዘዝኩ። ጋሼ ኦቶ በአክብሮት አመሰገኑኝና ሃምሳ አንዱን ሰርዘው አርባ ዘጠኝ ጻፉ። ሕሊናዬ ቀለለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን እንደ ተሸጠ ነው።

«ጋሼ ኦቶ!» አለች እቴነሽ። «እኛ እኮ የተነሣነው ለእናቴ ነው!»

«እናትሽን አይቻለሁ። ግን የምንቆጥረው የቆመን ሰው ነው። ልብ መቁጠር አንችልም።» ይህን ሲሉ እንባቸው ክራባታቸው ላይ ይወርዳል።

ጥቁሩ መጽሐፍ ተገለጠ። ስብሰባው ሳይዘጋ ነገሩ እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ጥያቄውን የሚያቀርበው ደግፎ የቆመ ሰው ብቻ ነው። እሱም በጉባኤው ፊት «እኔ ሽያጩን ደግፌ ነበር፤ እንደገና ይታይ» ማለት አለበት። እኔ ተመስገን አልኩ። አርባ አንድ ሰው አለና!

እቴነሽ ተነሣች። «እኔ ሽያጩን...» መስቀሉን አየች። «...ደግ...» ተቀመጠች። «እንዴት በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ እዋሻለሁ? ለአንዲት ሴኮንድም አልደገፍኩም!»

«ካልደገፍሽ መጠየቅ አትችዪም» አሉ ጋሼ ኦቶ።

«ካልደገፍኩ ከቁጥሩ አውጡኝ!»

«ቆመሻል።»

አንድ ዲያቆን «ለበጎ ነው፣ እኔ ልበል» ብሎ ሲነሣ ሚስቱ በኮቱ ጎትታ አስቀመጠችው። «ልጆችህ እየሰሙህ!» አለችው። አርባ አንድ ሰው ተፈልጎ አንድ ውሸታም ጠፋ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።

እትዬ ዘነበች ሁሉንም ሲያዩ ቆይተው፣ «ምን ሆናችሁ ነው ፊታችሁ የጠቆረው?» አሉ።

«ግራንድማ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሸጥነው» አለች ሜሮን።

«ማን?»

«እኛ።»

«መቼ?»

«አሁን። አንቺ ስትገቢ።»

ሕጉን ሜሮን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «ታዲያ ከልቡ የደገፈ፣ ሳይዋሽ ይህን የሚል ሰው የለም?» አሉ።

ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ሄልጋ ዞርን።

ሽማግሌ ተላከ። እትዬ ዘነበች፣ እቴነሽና እኔ፣ ሜሮን አስተርጓሚ። መንገዱ አራት እርምጃ ነው፤ ግን በሥርዓት ሄድን። ሄልጋ «ተቀመጡ» አሉን። አልተቀመጥንም።

«ለምን አይቀመጡም?»

«እሺ ስትዪ ይቀመጣሉ» አለች ሜሮን።

«እምቢ ካልኩስ?»

«ይቆማሉ።»

«እስከ መቼ?»

ሜሮን ትከሻዋን ሰበቀች። «ለአጎቴ ጋብቻ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሰዋል።»

ሄልጋ ጓንታቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «ስንት ዓመት ተሸንፌያለሁ» አሉ። «ዛሬ አሸነፍኩ። ያሸነፍኩትም አንዲት ሴት ከመጸዳጃ ቤት ስለ ተመለሰች ነው።» ወደ ጎኑ በር አመለከቱ። «በዚያ በር ሠላሳ ዓመት ገብቻለሁ። እጄ ዝጎ። ማንም ተነሥቶልኝ አያውቅም።»

ይህን ሜሮን ምንም ሳታሳጥር ተረጎመችው።

እህቶቼ፣ አፈርን። እኛ ለሽማግሌ እንነሣለን ብለን የምንመካ ሰዎች! ሴትዮዋ ከሁላችን ቀድመው ስለሚገቡ፣ ሲገቡ ያያቸው ሰው የለም። እኛ ስንደርስ ቤቱ ሞቆ እናገኘዋለን።

«በይ ውጪና ግቢ በያት» አሉ እትዬ ዘነበች።

ሄልጋ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ማንም ሲስቅ ባያዩ ባርኔጣቸውን አስተካክለው በጎኑ በር ወጡ። በሩ ተዘጋ። ጠበቅን። ብዙ ቆዩ። «ሄደች እኮ ቤቷ» አለች እቴነሽ። ቧንቧው ቋ አለ። በሩ ተከፈተ።

«ኖር! ኖር እትዬ ሄልጋ! ኖር!»

እኛም፣ ጀርመኖቹም፣ ጋሼ ኦቶም ከነመዶሻቸው ቆምን። ጉልበታቸው እምቢ ያለው ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡ። አንደኛው ቆጣሪ በልማድ መቁጠር ሲጀምር ጋሼ ኦቶ እርሳሱን ቀሙት። ሄልጋ በሁለት እጃቸው ተቀመጡ፣ ተቀመጡ ይላሉ፤ እሳቸው ሳይቀመጡ አልተቀመጥንም። ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ደግፌ ነበር። አሁንም እደግፋለሁ። እንደገና ይታይ።»

ጋሼ ኦቶ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡ። የሚከለክል አልተገኘም። ሜሮን የጎኑን በር እንድትጠብቅ ታዘዘች። እኔ የእትዬን ቀሚስ በእጄ ጨበጥኩ።

«ሽያጩን የምትደግፉ ቁሙ።»

ሄልጋ ቆሙ። ብቻቸውን። ሰባቱ ጓደኞቻቸው ወለል ወለሉን ያያሉ። አንዲት የሰማንያ ዓመት ሴት ቆማ አርባ አንድ ሐበሻ ቁጭ ብሏል! ይህ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። እቴነሽ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ደረሰች። ዲያቆኑ ክራባቱን ነከሰ። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «ኧረ ቶሎ ቁጠሩ!» አለ አንድ ሰው በአማርኛ። ቆጣሪው ግን እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ እንዳይሳሳት እያንዳንዱን አግዳሚ እያየ ዞረ።

«አንድ» አለ በመጨረሻ።

ሄልጋ ወዲያው አልተቀመጡም። ዞር ብለው ሁላችንንም አዩን፤ ፈገግ ያሉም መሰለኝ። ከዚያ ተቀመጡ። ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ። እቴነሽ ግንባሯን አግዳሚው ላይ ደፍታ አለቀሰች።

ሰኞ

ጠዋት ሜሮን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወስደኝ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍን፤ መልእክት ነበረኝ። ሄልጋ ከማሽኑ ጋር ነበሩ። እትዬ ዘነበች በጠዋት ተነሥተው የገነፉትን የቡላ ገንፎ በፔርሙስ አድርሼላቸው ቆመው በሉ።

«ምንድን ነው?»

«ለወለደች ሴት የሚሰጥ ነው» አለች ሜሮን።

ሄልጋ ማንኪያውን ይዘው አሰቡ። «ዘግይቷል» አሉና ቀጠሉ። ሲጨርሱ ለእኔም ካልሲ ሰጡኝ፤ አሁን ይህን ስጽፍ አድርጌዋለሁ።

ስመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ ለማንም ሰላምታ ሳልሰጥ ስቀመጥ ሌብነት መሰለኝ። የእትዬ ዘነበች ልጅ ከሬጂና ወሰደኝ። ጎተራው እዚያው ቦታው ላይ ነበር።

ትናንት እቴነሽ ደወለች። ቤተ ክርስቲያኑ አልተሸጠም፣ ሥዕሉም ከበሩ ተነሥቷል። ግን አንድ ችግር አለ። ሄልጋ አሁን እሑድ እሑድ አርፍደው ነው የሚመጡት። ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በጎኑ በር ይገባሉ፤ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ነው ወርደው ማሽኑን የሚያስነሡት። እስከ ስብከቱ ድረስ ቤቱ በረዶ ነው፤ ሰዉ በጋቢ ይዘምራል።

ጋሼ ኦቶ መጽሐፋቸው ውስጥ ስለዚህ ምንም ስላላገኙ ስብሰባ ሊጠሩ ነው። እትዬ ዘነበች በዚያ ቀን ቤት እንዲውሉ በጉባኤው ስም ተለምነዋል።

«እሺ» ብለዋል።